አሜከላውና መርዘኛው እንጉዳይ

በ54 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሮም ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ የሚወደውን እንጉዳይ እራት በላ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ታሲተስና ስዌቶኒየስን የመሰሉ የጥንት ጸሐፊዎች፣ ሚስቱ አግሪጲና የራሷን ልጅ ኔሮንን ለማንገሥ ስትል ምግቡን እንዳስመረዘችው ጽፈዋል። ሞቱ በመርዝ ነው ወይስ በበሽታ የሚለው ዛሬም የታሪክ ምሁራንን ያከራክራል። የሮም ሰዎች ግን ወሬውን ለማመን አልተቸገሩም፤ አንዳንድ እንጉዳይ ሰው እንደሚገድል በሚገባ ያውቁ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ምዕተ ዓመት፣ የኪልቅያው ተወላጅ ሐኪም ዲዮስቆሪዴስ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ባዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ አንድ እሾሃም ተክል ጨመረ። የአሜከላ ዘር ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ ሰፊና እሾሃማ፣ በላዩም ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ መስመር የተዘረጋበት። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒም የዚህን ተክል ጭማቂ ከማር ጋር ቀላቅሎ መጠጣት ሐሞትን ጠርጎ እንደሚያወጣ ጽፏል። በኋላ የመጡ ክርስቲያኖች ነጩ መስመር የእመቤታችን የማርያም ወተት ጠብ ያለበት ነው ብለው ተክሉን በስሟ ጠሩት፤ የሳይንስ ስሙ ሲሊቡም ማሪያኑም የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

መርዙና መድኃኒቱ እንዲህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ባሕር ዙሪያ ተመዝግበው ሳለ፣ አንዱን በሌላው ላይ ለማዋል 1900 ዓመት ገደማ ፈጀ። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝም የዚህ መንገድ ርዝመት ነው።

በመካከሉ ያሉት ምዕተ ዓመታት በአብዛኛው የድግግሞሽ ዘመን ናቸው። የአውሮፓ ገዳማት ተክሉን በአጥራቸው ውስጥ አበቀሉ፤ ሐኪሞችም ለእባብ ንክሻ፣ ለሆድ ሕመም፣ ለሐዘን፣ ለትኩሳት ሁሉ አዘዙት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የለንደኑ የዕፅዋት ሐኪም ኒኮላስ ካልፔፐር ጉበትና ጣፊያ ሲዘጋ ይከፍታል፣ ለወፍ በሽታም ይበጃል ሲል መከረ። ለሁሉም ነገር የሚታዘዝ መድኃኒት ለየትኛው በሽታ በእርግጥ እንደሚሠራ ማወቅ ይከብዳል። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ውዳሴ ውስጥ ጉበትና ሐሞት ደጋግመው መነሣታቸው ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው የሚያስገርም ነው።

እንጉዳዩም በበኩሉ ሥራውን አላቆመም። በ1740 በጥቅምት ወር የቅዱስ ሮም መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ቪየና አጠገብ ከአደን መልስ እንጉዳይ በላ፤ ታመመ፤ ከቀናት በኋላም አረፈ። ወንድ ወራሽ አልነበረውም። ልጁ ማሪያ ቴሬዛ ዙፋኑን ልትረከብ ስትል ጎረቤት ነገሥታት ተነሡባት፤ የኦስትሪያ የአልጋ ወራሽነት ጦርነት የተባለው ውጊያም እስከ 1748 አውሮፓን አናወጠ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በኋላ ስለዚህ ሲጽፍ፣ የአውሮፓን ዕጣ የቀየረው አንድ ሳህን እንጉዳይ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል።

ወደ ተክሉ የመጀመሪያውን ቁም ነገር ያለው ፍተሻ ያመጣው አንድ የገጠር ከተማ ሐኪም ነው። ዮሐን ጎትፍሪድ ራዴማኸር በጀርመንና በኔዘርላንድ ድንበር አጠገብ ባለችው ጎኽ ከተማ ኖሮ በ1850 ሞተ። ቅጠሉን ወይም ሥሩን ትቶ ዘሩን በአልኮል ዘፍዝፎ ለጉበት ሕሙማን ሰጠ፤ ያየውንም በ1840ዎቹ በታተመ መጽሐፉ መዘገበ። ዘሩን መምረጡ ትልቅ ነገር ነበር። የተክሉ ኃይል የተከማቸው በዘሩ ቅርፊት ውስጥ እንደሆነ ኬሚስቶች ያረጋገጡት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ለእንጉዳዩ መርዝ ግን ገና ምንም አልነበረም። በ1930ዎቹ የፈረንሳዩ ሐኪም ሊሙዛን ያቀረበው ሕክምና ተስፋ መቁረጡ ምን ያህል እንደነበር ያሳያል፤ የ3 ጥንቸሎች አንጎልና የ7 ጥንቸሎች ጨጓራ በጥሬው ተከትፎ ለታማሚው ይበላ ነበር። ምክንያቱም ጥንቸል ይህን እንጉዳይ በልታ አትሞትም የሚል እምነት ስለነበር ነው። ልጁ በእጁ ላይ እየሞተበት ያለ አባት ያንን እምቢ ሊል ይችላል ብዬ አላስብም።

የሚገድለው እንጉዳይ አማኒታ ፋሎይዲስ ይባላል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሞት ቆብ ይሉታል። ቆቡ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ፣ ከቆቡ ሥር ያሉት ስስ ገጾች ነጭ፣ ግንዱ ላይ ቀለበት ያለው፣ ሥሩ ደግሞ ከረጢት መሰል ነገር ውስጥ የተቀመጠ ነው። በዛፍ ሥር፣ በተለይም በባሉጥ ሥር ይበቅላል። ከሞት የተረፉ ሰዎች ጣዕሙ ጥሩ እንደነበር ይናገራሉ፤ ይህም ከአደጋዎቹ አንዱ ነው። መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማድረቅ፣ በበረዶ ማቆየት መርዙን አያጠፋውም። አንድ ትልቅ እንጉዳይ ብቻውን አንድ ጎልማሳ ለመግደል ይበቃል።

መርዙ ምን እንደሆነ የታወቀው በሙኒክ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሚመራው ሃይንሪኽ ቪላንድ ስለ ሐሞት አሲዶች ባደረገው ምርምር የ1927ን የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ ግማሽ አይሁድ ተብለው ከትምህርት የተባረሩ ወጣቶችን በእንግድነት ስም ቤተ ሙከራው ውስጥ አስጠግቶ አስተምሯል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስሙን ማንሣት አይገባም። በ1937 ተማሪው ፌዮዶር ሊነን ከኡልሪኽ ቪላንድ ጋር ሆኖ ከሞት ቆብ ፋሎይዲን የተባለውን መርዝ አጥርቶ አወጣ። ሊነን በዚያው ዓመት የመምህሩን ልጅ አገባ፤ በ1964 እርሱም ኖቤል ተሸለመ። በ1941 ሃይንሪኽ ቪላንድና ሩዶልፍ ሃለርማየር ከዚያም የከፋውን መርዝ፣ አማኒቲንን አገኙ። ሰውን የሚገድለው በእርግጥ ይህኛው ነው። ከዚያ ወዲያ የሃይንሪኽ ልጅ ቴዎዶር ዕድሜውን ሙሉ ለማለት ይቻላል የእነዚህን መርዞች አሠራር ሲፈታ ኖረ።

በ1966 እና በ1967 ደግሞ ጣልያናውያኑ ሉዊጂ ፊውሜና ፊዮሬንዞ ስቲርፔ አማኒቲን በጉበት ሕዋስ ውስጥ የሚያደርገውን ለዩ። ሕዋስ ፕሮቲን ለመሥራት መጀመሪያ በዲኤንኤው ላይ ያለውን ትእዛዝ ወደ አርኤንኤ መገልበጥ አለበት። ይህን የሚገለብጠውን ኢንዛይም አማኒቲን ይዞ ያቆመዋል። ኢንዛይሙ ሲቆም አዲስ ፕሮቲን መሠራቱ ይቆማል፤ ሕዋሱም የነበረውን እየጨረሰ ቀስ ብሎ ይሞታል።

የሕመሙን አካሄድ እንዲህ አሳሳች የሚያደርገው ይህ ቀስታ ነው። ሰውየው ከበላ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ ቤተሰብም እፎይ ይላል፤ ብዙዎች ከሐኪም ቤት ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በዚህ ጊዜ ነው። ጉበት ግን በዚያው ሰዓት እየሞተ ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም አልረጋ ይላል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ አእምሮ ይስታል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጉበት የሳበውን መርዝ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይለቀዋል፣ አንጀት ደግሞ መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል፣ ደም እንደገና ወደ ጉበት ያደርሰዋል። አንድ ጊዜ የተበላ መርዝ ጉበትን ደጋግሞ ያጠቃል ማለት ነው።

እንጉዳዩ መርዙን ያስረከበባት ሙኒክ የአሜከላውንም ምስጢር ፈታች። በ1968 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መድኃኒት ተመራማሪው ሃንስ ቫግነር ከባልደረቦቹ ከሆርሃመርና ከሙንስተር ጋር ሆኖ በዘሩ ውስጥ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ አሳተመ። ሲሊማሪን ተባለ። አንድ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ተቀራራቢ የሆኑ ፖሊፌኖሎች ድብልቅ ነበር፣ ከመካከላቸው ዋናው ሲሊቢን ወይም ሲሊቢኒን የሚባለው። ፖሊፌኖል ዕፅዋት ራሳቸውን ከፀሐይ፣ ከተባይና ከሻጋታ ለመጠበቅ የሚሠሩት ትልቅ የኬሚካል ቤተሰብ ነው፤ የሻይ ቅጠልና የወይን ጠጅ መጣጣነትም የሚመጣው ከእነዚሁ ነው። ሲሊማሪን ከአሜከላው ደረቅ ዘር ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ማዳውስ በተባለው የኮሎኝ መድኃኒት ፋብሪካ ጂ. ፎገልና ባልደረቦቹ ጉበትን በሚጎዱ መርዞች ላይ ሲሊማሪንን በእንስሳት ፈተኑ። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው የፋብሪካ ፈሳሽ ነበረበት፤ ፋሎይዲንና አማኒቲንም ነበሩበት። ሲሊማሪን ከመርዙ አስቀድሞ ሲሰጥ እንስሳቱ ይተርፋሉ። ከመርዙ በኋላ ዘግይቶ ሲሰጥ ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። የዚህ መድኃኒት ቀጣይ ታሪክ በሙሉ በዚህች ጥቂት ሰዓት ላይ የሚሽከረከር ነው።

አንድ እንቅፋት ቀረ። ሲሊቢኒን ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ በአፍ ሲወሰድም ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። የሚያስታውክ ታማሚ ክኒን ሊውጥ ደግሞ አይችልም። ኬሚስቶቹ ከሱክሲኒክ አሲድ ጋር አያይዘው ወደ ሶዲየም ጨው ለወጡት፤ እንዲህ ሆኖ ከግሉኮስ ጋር በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ወጣው። አሜከላው ከቤት ውስጥ መድኃኒትነት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተሻገረው በዚህ እርምጃ ነው። በእኔ ግምት ከ1968ቱ ግኝት ይልቅ ሕይወት ያተረፈው ይህ የማሟሟት ሥራ ነው፤ ስሙ ግን እምብዛም አይነሣም።

በዚሁ ዘመን በፈረንሳይ አንድ ሐኪም በራሱ ሰውነት ላይ ሌላ መንገድ ሞከረ። ፒየር ባስቲያን የተባለው የቮዥ ተራሮች አካባቢ ሐኪም በቫይታሚን ሲና በአንጀት መድኃኒቶች የሞት ቆብ መርዝን ማዳን እንደሚቻል አምኖ፣ ይህንኑ ለማሳየት መርዘኛውን እንጉዳይ ሰው እያየው በላ፤ ከአንድ ጊዜ በላይም አደረገው። ታመመ፣ ተረፈ። ድፍረቱን ማድነቅ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ሰው መትረፉ ስንት ሰው እንደሚተርፍ አይነግረንም፤ ዘዴውም ዛሬ በመደበኛው ሕክምና ውስጥ ቦታ የለውም።

ስንት ሰው እንደሚተርፍ ለማወቅ መቁጠር ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ያደረገው የስዊስ ተመራማሪው ፍሎርስሃይም ነው። በ1982 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት በሞት ቆብ የተመረዙ 205 ሰዎችን መዝገብ አገላበጠ። ከመቶው 22.4ቱ ሞተዋል። ከ10 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ግን ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ይህን ቁጥር አንብቤ ወዲያው ማለፍ አቅቶኛል፤ ወላጅ በገዛ እጁ ለቅሞ፣ በገዛ እጁ አብስሎ ያጎረሰው ነውና። ፍሎርስሃይም የትኛው ሕክምና ከመትረፍ ጋር አብሮ እንደሚታይ ሲያመዛዝን ሲሊቢኒን ጎልቶ ወጣ።

በ1983 የቪየና ሐኪሞች በደም ሥር ሲሊቢኒን ስለተሰጣቸው 18 ታማሚዎች ዘገቡ። ራሱን ለመግደል ብዙ እንጉዳይ ከበላ አንድ ሰው በቀር ሁሉም ተርፈዋል። በ1984 ደግሞ ፎገልና ባልደረቦቹ የውሾችን ሙከራ አሳተሙ። ውሾቹ የደረቀ የሞት ቆብ ተሰጣቸው፤ መድኃኒት ካላገኙት 12 ውሾች 4ቱ ሞቱ። ከ5 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ሲሊቢኒን ከተወጉት ግን አንድም አልሞተም፤ በጉበታቸው ላይ የደረሰው ጉዳትም እጅግ ያነሰ ነበር።

በሙኒክ አቅራቢያ ማርቲንስሪድ ላይ ደግሞ ዮሃን ዞነንቢኽለር ሲሊቢኒን በሕዋስ ውስጥ ሌላ ሥራም እንደሚሠራ አሳየ፤ የሪቦዞም አርኤንኤ የሚሠራውን ኢንዛይም ያነቃቃል፣ ይህም የተጎዳ ጉበት ፕሮቲን ለመሥራትና ራሱን ለመጠገን ይረዳዋል። ዋናውን ሥራውን ለመረዳት ግን እስከ 2006 መቆየት አስፈለገ። በዚያ ዓመት የጀርመን ተመራማሪዎች አማኒቲንን ከደም ወደ ጉበት ሕዋስ የሚያስገባውን ፕሮቲን ለዩት። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ግንብ ላይ እንዳለ በር ነው፤ የሐሞት አሲዶችንና ሌሎች ነገሮችን ያስገባል፣ አማኒቲንም በዚያው ሾልኮ ይገባል። ሲሊቢኒን ያንን በር ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ በደም ውስጥ የቀረው መርዝ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል፤ ከሐሞት ወደ አንጀት፣ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሽከረከረውም ይቋረጣል። አስቀድሞ የገባውን መርዝ ግን ሊያስወጣው አይችልም። የ1970ዎቹ እንስሳት ለምን ቀድሞ ሲሰጣቸው ብቻ ሙሉ በሙሉ እንደተረፉ ግልጽ የሆነው እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱ አልተፈቀደም ነበር። እንጉዳዩ ግን ከአውሮፓ ዛፎች ሥር ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ ካሊፎርኒያ ገብቶ ነበር፤ በዚያም ከአገሩ ባሉጥ ጋር ተላምዶ በባሕር ዳርቻው ተስፋፋ። በ2007 አዲስ ዓመት ዕለት ሳንታ ክሩዝ አጠገብ አንድ ቤተሰብ ከፓርክ የለቀመውን እንጉዳይ በላ፤ ስድስት ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። በዶሚኒካን ሆስፒታል የነበረው ሐኪም ቶድ ሚቸል ሊያደርግላቸው የሚችለውን ሲፈልግ የአውሮፓውን መድኃኒት አገኘ። ወደ ጀርመን ደወለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ የሚሆን ፈቃድ ሰጠ፤ መድኃኒቱ በአውሮፕላን ተልኮ ደረሰ። አምስቱ ተረፉ፤ በዕድሜ የገፉት አያት ሞቱ። ሚቸል ግን ሥራውን በዚያ አላበቃም። በ2009 በአሜሪካ መደበኛ ክሊኒካዊ ሙከራ ተከፈተ፤ ታማሚው በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየቀኑ በኪሎ 20 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጠዋል። ሚቸል ከመድኃኒቱ እኩል አጥብቆ የተናገረለት ሌላ ነገር በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ታማሚው ውኃ ካጠረው ኩላሊቱ ይደክማል፣ መርዙም መውጫ ያጣል።

እዚህ ላይ የማስረጃውን ጥንካሬ በግልጽ ማስቀመጥ ግድ ይላል። ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ መድኃኒት፣ ለግማሹ ምንም የማይሠራ ማስመሰያ የሰጠ ጥናት የለም። የሚሞት ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ ዕጣ የሚያወጣ ሐኪም አይገኝም። በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዋ ኦንጃልበርና ባልደረቦቿ በ20 ዓመት ውስጥ ሆስፒታል የገቡ 2108 ታማሚዎችን መርምረው፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲሰጥ የኖረው ፔኒሲሊን ይህን ያህል እንዳልጠቀመ፣ ሲሊቢኒንና ኤን-አሴቲልሲስቴይን የተሻሉ ሆነው እንደታዩ ደምድመዋል። ከዚህ በላይ ጠንካራ ማስረጃ ለጊዜው የለም፤ እኔ ግን ከበሩ መዘጋት፣ ከውሾቹና ከታማሚዎቹ መዝገብ የመጡት ሦስት ምስክሮች አንድ ቃል ሲናገሩ መስማት ያሳምነኛል።

ተክሉ በሌላ በሽታ ላይ የተመዘነበት ውጤት ግን እንደዚህ አይደለም። በ1989 የቪየናው ፒተር ፌረንሲ ጉበታቸው የጠጠረባቸውን 170 ሰዎች አጥንቶ ሲሊማሪን ዕድሜ እንደሚያራዝም ዘገበ፤ በ1998 በስፔን በ200 ሰዎች ላይ የተደረገው ሌላ ሙከራ ግን ልዩነት አላገኘም። በ2012 በአሜሪካ በ154 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት፣ በአፍ የሚወሰድ ሲሊማሪን ከተለመደው መጠን በላይ ተሰጥቶ እንኳ ከማስመሰያው ክኒን እንደማይሻል አሳየ። ዛሬ ተክሉ በየፋርማሲውና በየመደብሩ ጉበት ያጸዳል ተብሎ በጠርሙስ ይሸጣል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ወገናችን ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ ሊገዛው ይችላል። በሆስፒታሉ በደም ሥር የሚሰጠውና ያ ክኒን ከአንድ ዘር የወጡ ቢሆኑም፣ ጉበት ዘንድ የሚደርሰው መጠን ፈጽሞ አይገናኝም። እንጉዳይ የበላ ሰው ያንን ክኒን ውጦ ቤቱ ቢቀመጥ የማይመለስ ሰዓት ያባክናል።

በ2015 ወደ ጀርመን የገቡ ስደተኞች፣ በአብዛኛው ሶርያውያን፣ ከአገራቸው የሚያውቁትን የሚበላ እንጉዳይ የመሰላቸውን ለቅመው በብዛት ተመረዙ። የሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አሰራጨ። በ2021 ከካቡል የወጡ የአፍጋን ቤተሰብ ልጆች ዋርሶ አጠገብ ባለ የስደተኞች ማረፊያ ከጫካው የተለቀመ እንጉዳይ በሉ፤ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ሞቱ። ለአንደኛው ጉበት ተተክሎለት ነበር፤ አላተረፈውም። በ2016 ታኅሣሥ በሰሜን ካሊፎርኒያ 14 ሰዎች ተመርዘው ነበር። ሁሉም በሕይወት ቢተርፉም ሦስቱ ጉበት ተተክሎላቸዋል፤ አንዲት ሕፃን ዘላቂ የአእምሮ ጉዳት ደርሶባታል።

ይህ የመጨረሻው አካባቢ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኦክላንድና በሳን ሆዜ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ ከነሱም መካከል በክረምት እንጉዳይ መልቀምን ከእናቱ የተማረ አለ። አገር ቤት የለመደ ዓይን ሌላ አህጉር ላይ ሊያታልል ይችላል፤ ሶርያውያኑንም ያታለለው ይኸው ነው። በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን ያለ ክፍያ ይመልሳል፣ አስተርጓሚም ያገናኛል። የሚደወለው ሕመም ሲጀምር አይደለም፤ የተበላው እንጉዳይ ሲያጠራጥር ወዲያው ነው። ከተገኘ የቀረውን እንጉዳይ ይዞ ሆስፒታል መሄድም ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

በ2023 ግንቦት ደግሞ ከጓንግዡ ከተማ ሌላ ዜና መጣ። በሱን ያት-ሰን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ቻይናውያን ተመራማሪዎች በሰው ሕዋሳት ውስጥ ያሉትን ጂኖች አንድ በአንድ እያጠፉ፣ አማኒቲን ለመግደል የትኛው እንደሚያስፈልገው ፈተሹ። ኤስቲቲ3ቢ የተባለ ፕሮቲን ላይ ደረሱ። ያንን የሚገታ ነገር ከተፈቀዱ መድኃኒቶች መካከል ሲፈልጉ ኢንዶሲያኒን ግሪንን አገኙ፤ ሐኪሞች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለምርመራ የሚወጉት አረንጓዴ ቀለም ነው። መርዝ የተሰጣቸው አይጦች መርዙ ከገባ ጥቂት ሰዓት በኋላ ቀለሙን ሲያገኙ ካላገኙት ይልቅ በብዛት ተረፉ። እዚያም ቢሆን መዘግየት ጥቅሙን አሳጣው። ቀለሙ በተመረዙ ሰዎች ላይ በመደበኛ ሙከራ እስኪፈተን ድረስ በአውሮፓ ሆስፒታሎች የሚንጠባጠበው የአሜከላው ጨው ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ሐኪሞች መድኃኒቱን የሚያስመጡት አሁንም በስልክ፣ በልዩ ፈቃድ ነው።